ጉልበት የሚበላው የእንድሪስ ማዳመጫ

ባለፈው ሳምንት ከቆቦ ተደውሎ «እንድሪስ ጆሮው ሞተ» ተባልኩ። መጀመሪያ አላመንኩም። ሰውየው እኮ መኪና ገና ከአላማጣ ሲነሳ ቆቦ ቁጭ ብሎ በሞተሩ ድምፅ ይለየው ነበር፤ «ይሄ የእገሌ ነው፣ የኋላ ቀኝ ጎማው ንፋስ ጎድሎታል» ይልና ሻዩን ፉት ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው መልአከ ሞት እንዴት ሳይሰማ ደረሰበት? ጫማውን አውልቆ መጥቶ መሆን አለበት። ይህንኑ በስልክ ለነገረኝ ሰው ስለው ከት ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ያኔ አመንኩ። አላህ ይርሐመው።

ለሰደቃው ቆቦ ስወርድ ዘመዶቹ ከበቡኝ። «አብረኸው ሠርተሃል፣ ስለ እሱ ጻፍልን» አሉኝ። አንዲት እህቱ ግን ጣቷን ቀስራ «እንደ ልማድህ እንዳታጋንን!» አለችኝ። እሺ አልኩ። አመሌን አልክድም፤ እባብ አየሁ ካልኩ እባቡ ጭራው ሮቢት ራሱ ዋጃ ነው። የዚህን ማዳመጫ ነገር ግን ቀንሼ ነው የማወራችሁ። ሙሉውን ብነግራችሁ ማንም አያምነኝም።

ጋሽ እንድሪስ የባለ ተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር። እኔና እሱ የአንድ ነጋዴ ሠራተኞች ነን፤ እሱ ከአስመራ እስከ ደሴ ይነዳል፣ እኔ ቆቦ መጋዘን ተቀምጬ ቆዳና ጨው እረከባለሁ። «ጆሮው» ሲባል የሰማ እንግዳ እንደ ዝሆን ያለ ጆሮ ይጠብቃል። ጆሮው ግን ትንሽዬ፣ ከራስ ቅሉ ጋር የተለጠፈች፣ የሕፃን ጆሮ የመሰለች ነበረች። አንድ ነገር ሲሰማ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ጉርሻ አፉ ውስጥ ካለ ማኘኩን ያቆማል። ከዚያ አንድ ጣቱን ያነሳል። ያቺ ጣት ስትነሳ ሻይ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ማንኪያ የሚያማስል ሰው እንኳ ስኳሩን በዓይኑ ብቻ ያሟሟል።

ትሑት ሰው አልነበረም፤ ይሄን ማንም ቀባሪው ይመሰክራል። «በራያ ቆላ ጆሮ ያለው እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር፤ «እናንተ ያላችሁ መነጽር ማንጠልጠያ ነው።» እኔን ደግሞ «አምፕሊፋየር» ነበር የሚለኝ። «ለምን ጋሼ?» ስለው፣ «ሹክ ያልኩህን ነገር ለአገር አድርገህ ነው የምታወጣዋ!» ይለኛል።

አንድ ቀን ከአስመራ ሲመለስ ከጋቢናው ቀስ ብሎ ወረደ፤ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፏል።

«ማነው የወለደው?» አልኩት።

«ዝም በል። እጅህን ታጥበህ ና።»

ታጥቤ መጣሁ። ሲፈታው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ አግኝቶት ጋሽ እንድሪስ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ሰጥቶ የለወጠው ነው። ማዳመጫ አይቼ አላውቅም ነበር ማለት አይደለም፤ ቴሌፎን ቤት አለ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰሐን የሚያካክል፣ ጥቁር፣ ጆሮ የሚነካበት በከፋይ የተለበጠ። ራሴ ላይ ሲያደርግልኝ አንገቴ ወደ ትከሻዬ ሰመጠ። የቀበቶዬ ዘለበት ወደ እሱ ዞረ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ማግኔት ነው ሁለመናው።

በጥንቃቄ ከፍቶ አሳየኝ። ቀዳዳ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት የማግኔት ሰሌዳዎች መካከል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ቆዳ ተወጥራለች፤ በላይዋ ላይ የመዳብ መስመር እንደ ሙሽራ ሂና ተጠማዝዞ ተሥሎባታል። «ይቺ ናት የምትናገረው» አለ። «የምታየውን መስመር ሁሉ ኤሌክትሪኩ ይሄድበታል። ቆዳዋ ከዳር እስከ ዳር እኩል ትርገበገባለች። እንዲህ አድርጎ የሚሠራው ጥቂት ሰው ነው አለኝ ፈረንጁ።»

ሰውን ሰብስቦ የሻይ ቤቱ ራዲዮ ላይ ሰካው። ራሱ ላይ አደረገ። አንገቱን አዘነበለ። ጣቱን አነሳ። ቆየን። ጣቱ ቀስ ብላ ወረደች።

እኔም ተቀብዬ ሰማሁ፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ዜና የምታነብ ነው የመሰለኝ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «እንድሪስ ሰዓቱን በድንጋይ ለወጠ» ተባለ፤ አንዱ ተነስቶ «ሰዓቱ ቢያንስ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር» አለው።

አልተቆጣም። «ማዳመጫው አይደለም የደከመው» አለ፣ «ራዲዮኑ ነው። ይቺን ቆዳ በሙሉ የሚገፋ አቅም የለውም። ሌላው ማዳመጫ ትንሽ ሲሰጡት ይጮኻል። ይሄ ብዙ ይበላል፤ ብዙ ከበላ በኋላ ነው ቃል የሚወጣው።»

«ታዲያ ድምፁን ከፍ አታደርገውም?»

«ጩኸት አላጣሁም። ጉልበት ነው ያጣሁት። ውሻ ይጮኻል፤ ግመል ዝም ብሎ ይሸከማል። ግመሉን ነው የምፈልገው።»

ግመሉን ፍለጋ ያልሄደበት የለም። በዓመት አንዴ ፊልም ሊያሳይ የሚመጣ መኪና ነበር፤ ትልቅ አምፕሊፋየር ጭኗል። ጋሽ እንድሪስ ማዳመጫውን አቅፎ ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት እንደገና ዋጃ ተከትሎት ሄደ። የፊልሙ ሰውዬ «ለአለቃዬ ምን ብዬ ልንገረው? አንድ ሹፌር ጆሮው ራበው ልበለው?» ብሎ መለሰው። ለሠርግ ከደሴ የመጣ ባንድ ደግሞ ሊፈቅድለት ሲል ሙሽራው ከለከለ። ማዳመጫው ከሳጥኑ ሳይወጣ፣ ጋሽ እንድሪስም ተስፋ ሳይቆርጥ ከረሙ።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ።

በዚህ ላይ አልቀልድም፤ ብቀልድም ጋሽ እንድሪስ ከመቃብሩ ይሰማኛል። በስልሳ አምስት ዝናቡ ቀረ። ዞብል ተራራ ላይ ደመና ይሰበሰብና ሜዳችንን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። መጋዘኔ እስከ ጣራው በከብት ቆዳ ሞላ፤ ቆዳውን ተሸክመው የሚመጡት ባለቤቶቹ ደግሞ ከቆዳው ይልቅ እየቀለሉ መጡ። ቆይቶ ቆዳውም ቀረ፤ ሰዎቹ ብቻ መጡ። በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ቁጭ አሉ። ራዲዮኑ ስለ እኛ ትንፍሽ አይልም። ጋሽ እንድሪስ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጠዋል፣ ያዳምጠዋል፤ በመጨረሻ «ስለ ሁሉም አገር አወራ» ይልና ያጠፋዋል።

ስልሳ ስድስት ሲገባ ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠራ። ሰው ከሰው ተነባብሮ ሜዳውን ሞላው። ዘመድ ከዘመዱ ተጠፋፋ፤ እናት በዚህ ጥግ፣ ልጅ በዚያ ጥግ። እርዳታ ያመጡት ሰዎች ስም እየጠሩ እንዲያገናኙበት አምፕሊፋየር፣ ማይክሮፎንና ጡሩምባ ይዘው መጡ። ጡሩምባውን ግቢው መካከል በባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ሰቀሉት። ለመጥራቱ ካሳ ተቀጠረ፤ ካሳ ድሮ ገበያ ላይ አዋጅ የሚያሰማ፣ ድምፁ ከዚህ ተነስቶ ግራ ካሱ ተራራ ላይ በሬ የሚያስደነግጥ ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ባትሪ ረስተዋል።

ባትሪ ያለው ጋሽ እንድሪስ ነው። የመኪናው ማርሽ ተሰብሮ መለዋወጫ እየጠበቀ ቆሟል፤ ሞተሩ ግን ይነሳል፣ ባትሪውም እዚያው ይሞላል። ካሳ ሊለምነው መጣ።

«ውሰዱ» አለ ጋሽ እንድሪስ። «ግን ቀትር ላይ ሰው ሲያርፍ ሳጥኑ የኔ ነው።»

«የምን ሳጥን?»

«አምፕሊፋየሩ።»

«ሕዝብ እያለቀ አንተ ዘፈን ልትሰማ?»

«ሕዝቡ ሲያርፍ አልኩህ እኮ። ቀን ሙሉ አንተን እንዲሰማ የተፈረደበት ጆሮ ለአንዲት አፍታ ሌላ ነገር ቢሰማ አላህ አይቆጣም።»

ተስማሙ። በመጀመሪያው ቀትር እኔና እሱ አምፕሊፋየሩ ወዳለበት ድንኳን ገባን። እጁን ታጠበ። እኔንማ ጆሮዬን በሳሙና አሳጠበኝ። ማዳመጫውን ሲሰካ ግን ቸኩሎ ቀዳዳ ተሳሳተ፤ ጡሩምባው ሳይነቀል ማይክሮፎኑ የሚገባበት ላይ ሰካው። ከማዳመጫው ምንም አልሰማ አለ። አውልቆ ፊቱ ላይ ያዘውና «ኧረ አንተ የሰይጣን ቋጠሮ!» አለው። ምሰሶው ላይ ያለው ጡሩምባ «ኧረ አንተ የሰይጣን ቋጠሮ!» ብሎ ለመጠለያው ሁሉ አስተጋባ።

ካሳ እየሮጠ ገባ። «እንድሪስ! ስንቱን ሰው ሰደብከው!»

ጋሽ እንድሪስ አልሰማውም። ማዳመጫውን እያገላበጠ ያያል። «ይገርማል» አለ። «ቆዳዋ ስትርገበገብ ድምፅ ትሰጣለች። ድምፅ ሲመታት ደግሞ ትርገበገባለች። ለካ መስማትና መናገር አንድ በር ነው።» ከዚያ ነቀለና ጡሩምባው ከሚገባበት ቀዳዳ ሰካው።

ቴፗን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ፤ ውስጧ ያለው ካሴት የመንዙማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዘመኑ መልካም ሳለ፣ ከዋጃ ወዲያ ባለች መንደር ሰዉ ተሰብስቦ በሚያደርገው የወዳጃ ዱዓ ላይ ራሱ በትንሿ ቴፕ የቀዳው፤ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በድቤ ያዜማሉ። በቴፗ ስንሰማው ከዜማው ኋላ «ሽሽሽ» የሚል ነገር አለበት፤ ካሴቱ ርካሽ ስለሆነ ነው ብለን ትተነዋል።

ማዳመጫውን አጠለቀ። መቆጣጠሪያውን ቀስ ብሎ አዞረ፣ አዞረ፣ አሁንም አዞረ። አምፕሊፋየሩ ሞቀ። የጋሽ እንድሪስ ፊት ተለወጠ። ጣቱን ማንሳት እንኳ ረሳ። ድንገት አንገቱን ወደ ድንኳኑ ጣራ ቀና አደረገ። ማዳመጫውን አወለቀና ወጣ። ተከትዬ ወጣሁ። ፀሐይዋ ድንጋይ ታቀልጣለች። መዳፉን ዘርግቶ ቆመ። ደረቅ መዳፉን አየ፤ ተመለሰ።

«ስማ» አለኝ።

ሰማሁ። የሽማግሌውን ዜማ ብቻ አይደለም። ከዜማው በፊት ከንፈራቸው ሲላቀቅ ሰማሁ። ጣታቸው የድቤውን ቆዳ ሳይመታ ዳስሶት ሲያልፍ ሰማሁ። በቀኜ በኩል አንድ ሰው ጉልበቱ ቀጭ ብሎ ተነሳ፤ ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም። ከዚያ ያ «ሽሽሽ» የምንለው ነገር እንደ መጋረጃ ተከፈተ። ዝናብ ነው! ካሴቱ አልነበረም፤ ሁልጊዜም ዝናብ ነበር። በሳር ክዳኑ ላይ ዶፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ከጠርዙ እየተንጠባጠበ መሬቱን ይቆፍራል፤ ደጅ የተረሳ የቆርቆሮ ሳሕን አለ፣ እያንዳንዷ ጠብታ ለየብቻዋ ትቆጠርበታለች። ወደ በሩ አካባቢ አንድ ገበሬ በዝቅታ «አልሐምዱሊላህ፣ ጣለ» አለ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በነገር ላይ ነገር ስጨምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያች ደቂቃ የምጨምረው አጣሁ። ወጥቼ እንደ እሱ መዳፌን ዘረጋሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀትሩ ዝናቡን ይሰማል። ወሬው ወጣ። አንድ አዛውንት በበትር ተደግፈው መጡና «እንድሪስ ልጄ፣ ዝናብ አለ አሉ። እኔም ልስማው» አሉት። ጋሽ እንድሪስ ማዳመጫውን ወደ ደረቱ ሳበ። «ይቅርታ አባቴ፣ ቀጭን ነገር ነው፤ ላብና ትንፋሽ ይገድለዋል። አፈር ከገባበት አለቀ።» ሽማግሌው «እውነትህን ነው» ብለው ሄዱ። ሰውየው እንዲህ ነበር ስላችሁ ነው፤ ለዚያ ዕቃ ሲል ልቡ ይደነድን ነበር።

አንድ ማለዳ ውኃ የምታመላልስ አህያ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ማይክሮፎኑን ረገጠችው። ተለቅሞም አልተገኘ። ካሳ በባዶ ጉሮሮው መጥራት ጀመረ። በዚሁ ዕለት ነው ዘይነባ በቃሬዛ የመጣችው።

ከዞብል ሥር ነው አገሯ። ዋጃ ላይ ትኩሳት ጥሏት ቀርታ፣ ልጇን ጦይባን ከጎረቤት ጋር ወደ ቆቦ አስቀድማ ልካ ነበር። ጎረቤትየዋ መጠለያው ውስጥ ሞተች፤ ልጅቷ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። የዘይነባ ድምፅ ከትኩሳቱና ከጥማቱ ብዛት ጠፍቷል፤ ጆሮን ከአፏ ካላስጠጉ የምትለው አይሰማም። በሽተኞችን ወደ ወልድያ የሚወስደው መኪና በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሐኪም ቤት ካልደረሰች እንደማታድር ለማንም ግልጽ ነው። እሷ ግን የመኪናውን እንጨት በእጇ ገፍታ አልሳፈርም አለች።

«ልጄን ሳላገኝ አልሄድም።»

ካሳ ላቡን ጠረገ። «እህቴ፣ ጉሮሮዬ እስኪደማ ጠራኋት። ጦይባ የዘይነባ ልጅ ብዬ ዳር እስከ ዳር ዞርኩ። የለችም።»

«አለች።»

«ካለች ለምን አቤት አትልም?»

ዘይነባ ዓይኗን ጨፈነች። «እኔ ነኝ እንዲያ ያስተማርኳት። ስምሽን የማታውቂው ድምፅ ከጠራሽ አቤት እንዳትዪ፣ ተደበቂ ብያታለሁ።»

በእኛ ቆላ ያላደገ ሰው ይሄን አያውቅም። ጅን የሰው ስም ያውቃል ይባላል። ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ስምህን ይጠራል፤ የጠራህን ሳትለይ አቤት ካልክ ነፍስህን አስረከብከው። ልጅ በእግሩ እንደሄደ የሚማረው ይሄን ነው። ካሳ ግንባሩን መታ። «እኔንም እናቴ እንዲሁ ብላኛለች እኮ!» አለ። ማለዳውን ሙሉ በጠራት ቁጥር ልጅቷን ይበልጥ እያስደበቃት ነበር።

«እኔ ብጠራት ትመጣለች» አለች ዘይነባ።

ከአንድ ክንድ በላይ የማይሄድ ድምፅ ነው ያላት። በቃሬዛ እናዙራት እንዳንል በተኛው ሰው መካከል እግር መጣያ የለም። ሹፌሩ የመኪናውን ክላክስ ነፋ።

ጋሽ እንድሪስ አጠገቤ ቆሟል፤ ቀትር ስለደረሰ ማዳመጫውን አቅፏል። አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ የሴትዮዋን ትንፋሽ እየሰማ ነበር። ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር አየሁ። ሽማግሌውን «ትንፋሽ ይገድለዋል» ብሎ የመለሰበት ዕቃ ነው። ይቺ ሴት ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ በትኩሳት ትነዳለች፤ አቧራ ለብሳለች።

«ቃሬዛዋን ወደ ድንኳኑ አምጧት» አለ።

ማዳመጫውን ማይክሮፎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ሰካው። አንደኛውን ጆሮ በጋቢው ሸፈነ፣ ሁለተኛውን ከዘይነባ አፍ ጋር ገጠመው። «ተናገሪ» አላት። ተናገረች። ከጡሩምባው ምንም አልወጣም። መቆጣጠሪያውን እስከ ጫፉ አዞረው፤ ጡሩምባው ጆሮ በሚበጣ ፉጨት ጮኸ። ጥቂት ወደ ኋላ መለሰው። አሁን ትንሽ ነገር ይሰማል፤ የሰዉ ጫጫታና የመኪናው ሞተር ግን ዋጠው።

«ስትናገር ብዙ የምትበላ ስትሰማም ያው ናት» አለ። «ከዚህ በላይ የምሰጣት የለኝም። ዓለሙ ነው ዝም ማለት ያለበት።» ከዚያ ወደ ሹፌሩ ሮጠ። «ሞተሩን አጥፋው!»

«ባትሪዬ ሞቷል፤ ካጠፋሁት አይነሳልኝም። በሽተኛ ጭኛለሁ!»

«የእኔ ባትሪ ያስነሳልሃል። ወላሂ ያስነሳልሃል። አጥፋው ወንድሜ።»

ሹፌሩ ወደ ድንኳኑ አየ። አጠፋው።

ሼሁ በዚህ በኩል፣ ቄሱ በዚያ በኩል በሰው መካከል እያለፉ «ዝም በሉ፤ አንዲት እናት ልጇን ልትጠራ ነው» አሉ። ዝምታው እንደ ጥላ ከመደዳ ወደ መደዳ ሄደ። ሳል የያዘው ነጠላውን አፉ ውስጥ ከተተ። የሚያለቅሱ ሕፃናት ጡት ያዙ፤ ወተት ባይኖርም ያዙ። ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ አይቼ አላውቅም፤ ነፋሱ ራሱ ያፈረ ይመስል ነበር።

ያኔ ጡሩምባው ተነፈሰ። ቃል አልነበረም፤ ትንፋሽ ነው። በዚያች በተረገጠችው ማይክሮፎን ማንም ቢናገር ድምፁ ያው ቆርቆሮ ነበር። ይሄ ግን ሰው ነው፤ የደረቀ ምላሷ ሲላቀቅ ተሰማ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ፣ ጆሮአችን ሥር እንደተቀመጠች ሆና፦

«ጦይባ… እኔ ነኝ። እናትሽ ነኝ። አሁን አቤት በዪ።»

ምንም የለም። አጠገቤ ካሳ «አምላኬ» አለ።

«ጦይባዬ። አሁን አቤት በዪ።»

ከሩቅ፣ ከመጠለያው ጥግ፣ «አቤት!» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ። «አቤት! አቤት! አቤት!»

አንዲት ትንሽ ልጅ ከተኙት ሰዎች መካከል ብድግ አለች። ሰዉ እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ሰጣት። ሮጠች ልል ነበር፤ መሮጥ የሚችል እግር አልነበራትም፤ እየወደቀች መጣች። ግን ወደ ድንኳኑ አልመጣችም። ድምፁ ወደሚወጣበት ወደ ምሰሶው ሄደች፤ በሁለት እጇ አቀፈችው፣ ወደ ጡሩምባው አንጋጠጠች።

«እማ! ውረጂ!»

ካሳ ሊያነሳት እጁን ሲዘረጋ ጮኸች፤ የማታውቀው ሰው ነው። ጋሽ እንድሪስ ከቃሬዛው በአንደኛው ጫፍ ገባ፣ እኔ በሌላው። ዘይነባን ተሸክመን ምሰሶው ሥር አወረድናት። ልጅቷ የእናቷን ፊት ዳበሰች፣ ዳበሰች፤ ከዚያ ጡሩምባውን አየች፤ ከዚያ ዝም ብላ ጎኗ ተኛች።

ጋሽ እንድሪስ ባትሪውን ፈቶ ተሸክሞ ሄደ፤ መኪናውን አስነሳለት። እናትና ልጅ አብረው ተሳፈሩ። ወልድያ ከደረሱ በኋላ የሆነውን አላውቅም። ጥሩ ጥሩ ፍጻሜ መጨመር እችል ነበር፤ ተክኜበታለሁ፤ በእነሱ ላይ ግን አልጨምርም።

ያ ማዳመጫ ወር አልቆየም። መጀመሪያ ቀኙ ደነቆረ፣ ቀጥሎ ግራው። የሽንኩርት ልጣጭ የምታህለዋ ቆዳ በስንት ሰው ትንፋሽ ረጠበች፣ አቧራ ጠጣች፣ ተሰነጠቀች። ጋሽ እንድሪስ ያንን ዝናብ ዳግመኛ አልሰማውም፤ እስኪሞት ድረስ ሲያማርር የሰማው ሰው ካለ ይነሳና ይናገር።

እኔ የማስታውሰው ግን የዚያን ቀኑን ነው። መኪናው እንደሄደ ባትሪውን መልሶ አመጣና አሰረው። ከፋዩ በላብና በአፈር ጨቅይቷል፤ በእጁ ጫፍ እያራገፈው ነበር። ቀና ሲል አንዲት ሴት ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች። «አያ፣ እኔም አንድ ወንድ ልጅ አለኝ» አለችው። ከእሷ ኋላ ሌላ ሴት፣ ከዚያች ኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ከእሳቸው ኋላ ሰልፉ እስከ ግቢው በር ይሄዳል።

ማዳመጫውን አየው። ሰልፉን አየው። ከዚያ ማራገፉን ተወና ወደ ሴትየዋ አፍ አስጠጋው።

«እቤት እንደምትጠሪው አድርገሽ ጥሪው እናቴ» አላት። «መጮህ አያስፈልግም።»